ፎልት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይቆልፋል ወይስ ያሾልካል? በሁለት ካርቶን የመፈተሻ ዘዴ

የፍልውሃ ሙቅ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው በፎልት በኩል ነው፤ ድንጋዩ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ከሌላው በተንሸራተተበት መስመር። ስለዚህ የአዲስ አበባ ተማሪ ፎልት ሲባል መውጫ ብቻ ይታየዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከመሬት በታች ለማከማቸት ሲታሰብ ግን ጥያቄው ፎልቱ ጋዙን ይይዘዋል ወይስ ያሳልፈዋል ነው። በደለል ድንጋይ (አሸዋና ጭቃ ተነባብሮ በጠጠረ ድንጋይ) ውስጥ ፎልት ጋዝን ለሚሊዮኖች ዓመታት ሊዘጋ ይችላል። የሚለየው ከተንሸራተተ በኋላ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ጋር ፊት ለፊት እንደገጠመ ነው።

ደረቅ ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ መቀስና ቢጫና ቡናማ እርሳስ ግዙ። ወርዳቸው 5፣ ቁመታቸው 10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ቁረጡ፤ የፎልቱ ሁለት ወገኖች ናቸውና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። 1 ሳንቲ ሜትር 20 ሜትር ይሁን። ሁለቱንም ከታች ጀምራችሁ እኩል ቀቡ፦ 3 ሳንቲ ሜትር ጋዝ የሚያሳልፍ የአሸዋ ድንጋይ (ቢጫ)፣ 2 የጭቃ ድንጋይ (ቡናማ)፣ 3 ቢጫ፣ 2 ቡናማ።

ወደ መሬት የገባው ጋዝ ያለው በግራው ካርቶን የታችኛው ቢጫ ውስጥ ነው፤ ንብርብሩም ወደ ፎልቱ ከፍ እያለ ይመጣል እንበል። ጋዙ በዙሪያው ካለው ጨዋማ ውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የጭቃው ድንጋይ ቀዳዳዎች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ በውስጣቸው የያዙት ውሃ ጋዙን አያሳልፍም። ክዳኑ ይህ ነው፤ በፎልቱ በኩል ያለው ግድግዳ ግን ገና አልታወቀም።

ቀኙን ካርቶን 1.5 ሳንቲ ሜትር (30 ሜትር) ዝቅ አድርጉ። የግራው ቢጫ የላይኛው ግማሽ ከቡናማ ጋር ገጥሟል፤ እስከ 30 ሜትር ውፍረት ያለው ጋዝ ይጠራቀማል። ከዚያ በላይ ሲሞላ ከሥር ወደ ቀኙ ቢጫ ይሻገራል። አሁን እስከ 4 ሳንቲ ሜትር (80 ሜትር) አውርዱት። የጋዙ አናት ከላይኛው ቢጫ ጋር ተገናኘ፤ መውጫ ተከፈተ ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስህተት ነው። ድንጋዩ ሲንሸራተት በጭቃው ድንጋይ ውስጥ ያለው ሸክላ በፎልቱ ገጽ ላይ እንደ ቅባት ይለቀለቃል። በጋዙ አናት ነጥብ ያለፈውን የሸክላ ውፍረት ለዝቅታው አካፍሉ፦ ያለፈው የጭቃ ድንጋይ (2 ሳንቲ ሜትር፣ 40 ሜትር) ሁሉ ሸክላ ከሆነ 40 ለ80፣ 50 በመቶ፤ ጥሩ ማሸጊያ ነው። ነገር ግን የጭቃው ድንጋይ ሸክላ 30 በመቶ ብቻ ከሆነ 12 ለ80፣ 15 በመቶ ይሆናል። በነዳጅ ፍለጋ የተለመደው ወሰን ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፤ በዚህ ጠርዝ ላይ ያለን ፎልት ማመን አይገባም።

ዝቅታውን የምትለኩት በቁመት እንጂ በፎልቱ ዘንበል ላይ አይደለም። አንድ ቦታ ለክቶ መተውም ያሳስታል፤ ዝቅታው በፎልቱ ጫፎች ዜሮ፣ መሐል ላይ ትልቅ ነው። ካርቶኑን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አውርዱ፤ በዚህ ምሳሌ ዝቅታው ከ40 እስከ 100 ሜትር በሆነበት ክፍል ሁሉ አናቱ ከቢጫ ጋር ይገናኛል።

ጥልቀቱ ከ800 ሜትር ያህል በታች ቢሆን ይመረጣል። ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ74 ባር ግፊት በላይ ጋዙ እንደ ፈሳሽ ስለሚታመቅ በትንሽ ቦታ ብዙ ይገባል። ጋዙን በኃይል ማስገባት ግን የውሃውን ግፊት ይጨምራል፤ ሁለቱን ወገኖች አጣብቆ የያዘውን ጭነት ያቀልላል፤ የተዘጋው ፎልት እንደገና ሊንሸራተት ይችላል። ካርቶኑ ይህን አያሳይም።

ፍልውሃ ላይም አትጠቀሙበት፤ ከሥሩ ያለው እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ስለሆነ የሸክላው ስሌት አይሠራም። ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ጥቁር ድንጋይ) ጋዙን የሚይዝበት መንገድ ሌላ ነው። በአይስላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በውሃ ተሟሙቶ ወደ መሬት የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዥየም ጋር ተዋሕዶ ከ95 በመቶ በላዩ በሁለት ዓመት ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ተሟሙቶ ስለሚገባ አይንሳፈፍም፤ ለአንድ ቶን ጋዝ ግን 25 ቶን ያህል ውሃ ይጠይቃል።