ሊማሊሞን በጉም ለምትወርዱ

ከጎንደር ተነስታችሁ ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞን የምትወርዱ አሽከርካሪዎች፣ በክረምት ለመንገድ ሠራተኞቹ እዘኑላቸው። ዝናብ ከገደሉ ያወረደውን ጭቃና ድንጋይ በአካፋ ሲጠርጉ ከጠመዝማዛው ማዶ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በጉሙ ውስጥ ቀድሞ ብቅ የሚለው የሰደርያቸው ቢጫ ብቻ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ እግራችሁ ፍሬኑን ሳይረግጥ ሰውየው ዘንድ ደርሳችኋል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፤ ፍሬን ብቻ ከያዛችሁ ግሎ ይከዳችኋል። ረጅሙን መብራት ጉም መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይረጨዋልና አጭሩን አብሩ። መኪና ተበላሽቶባችሁ ለጎማ ያስደገፋችሁትን ድንጋይ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ስትነሱ ከመንገዱ ላይ አንሱት፤ ከኋላችሁ በጨለማ የሚመጣ ባለሞተር አለ።