ፊልሙን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት! ካሜራ ይዘው ሲበሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ስድስት ጥቅል ፊልም ይዞ መጣ። "ወንድሜ ከዲሲ አምጥቶልኝ ነው፤ እንዴት እንደሚታጠብ አሳየኝ" አለኝ። "በእጁ ነው ያመጣው በሻንጣ?" አልኩት። "በሻንጣ፤ በደንብ ጠቅልሎ!" አለ ደስ ብሎት። ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ዝም ማለት ስለሰለቸኝ ነው።

ፊልምን በሚጫን ሻንጣ መላክ

አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም። አብዛኛው በሰው በሰው የሚመጣ ነው፤ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከፍራንክፈርት። የሚያመጣላችሁ ሰው ደግሞ የሚፈራው ሌባና ስብራት ነው። ስለዚህ በካልሲና በሹራብ ጠቅልሎ ሻንጣው መሃል ይቀብረዋል። ከዚህ የባሰ ቦታ የለም! የሚጫን ሻንጣ የሚፈተሽበት የጨረር ማሽን የእጅ ሻንጣ ከሚያልፍበት ከድሮው ኤክስሬይ እጅግ ይበረታል። አንዴ ማለፍ ይበቃል። የፊልሙ ISO (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ሆነ 400 አያድነውም። አዲሱም ይጎዳል፤ ተነስቶበት ያልታጠበውም ይጎዳል። ታጥቦ ያለቀ ኔጌቲቭ ብቻ ነው ምንም የማይሆነው።

እኔ የተማርኩት በጥምቀት ነው። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አስር ጥቅል ጥቁርና ነጭ ፊልም አስመጣሁ። ስድስቱን ይዤ ጎንደር ወረድኩ። ጥር 11 ማለዳ ፋሲል መዋኛ ዳር ቆሜ፣ ታቦቱ ፊት የሚዘምሩትን፣ ውሃው ሲባረክ እየዘለሉ የሚገቡትን ልጆች አነሳሁ። ቤቴ ተመልሼ አጠብኩት። እርጥቡን ፊልም ወደ አምፖሉ ቀና ሳደርገው ጠቆር ያለ ሞገድ ከላይ እስከ ታች ይታያል። ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ፊልም ጥቅል ነው፤ ቀጥ ብሎ ያለፈበት ጨረር ሲዘረጋ እንዲህ እየተደጋገመ ይመጣል። አንዱ ልጅ አየር ላይ እጁን ዘርግቷል። ሞገዱ ደረቱን አቋርጦ ያልፋል። ስድስቱም እንደዚያው።

አክስቴን ምን ልበላት? አደራዋን ተወጥታለች። ያልነገርኳት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ፊልም ስታስመጡ "አደራ በጥንቃቄ" አትበሉ። "በእጅ ሻንጣሽ ያዢው፤ ፍተሻ ጋ አውጥተሽ ስጫቸው" ብላችሁ ጻፉላት። ከመብረሯ በፊት ባለው ማታ ደግማችሁ ደውሉ።

"በእጄ ነው የያዝኩት" ብሎ መዝናናት

ድሮ ይህ ይበቃ ነበር። አሮጌው የእጅ ሻንጣ ኤክስሬይ 400ንና ከዚያ በታች ያለውን ፊልም አንድ ሁለቴ ቢያልፍ የሚታይ ጉዳት አያደርስም። አሁን ግን ብዙ ኤርፖርቶች ሲቲ ስካነር አስገብተዋል፤ ሆስፒታል እንዳለው ዙሪያውን እየዞረ የሚያነሳ ነው። ፊልም አምራቾቹ ኮዳክም ኢልፎርድም ያልታጠበ ፊልም በዚህ አታሳልፉ ይላሉ። እንዴት ታውቁታላችሁ? ትልቅና ወፍራም ማሽን ነው። "ላፕቶፕ አታውጡ፣ ፈሳሽም አታውጡ" ካሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ለሌላው መንገደኛ የምስራች፣ ለእኛ መርዶ።

ጨረሩ ደግሞ ይጠራቀማል። ቦሌ ገና በሩ ላይ ትፈተሻላችሁ፣ ከኢሚግሬሽን በኋላ እንደገና። ትራንዚት ካለ ሌላ። መመለሻውን ጨምሩበት። 400 ፊልም አንስታችሁ እንደ 1600 የምታጥቡት ከሆነም እንደ 1600 ቁጠሩት። 800ን፣ 3200ን፣ ኢንስታክስንም ጭምር በየትኛውም ማሽን አታሳልፉ። ኢንስታክስ 800 መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ዘግይቶ መጠየቅ

ቦርሳው ቀበቶው ላይ ከሄደ በኋላ "ፊልም አለው!" ብሎ የሚጮህ ሰው አይቻለሁ። እኔም ጮኬ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ ፊልም በእጅ እንዲፈተሽ መጠየቅ በደንቡ የተፈቀደ ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን በፈታሹ ፈቃድ ነው፤ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ቀድማችሁ፣ በትህትና። ፊልሙን ከካርቶኑ አውጡ፣ በሚያሳይ የዚፕ ከረጢት አድርጉ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ቅረቡ። በጨርቅ ጠረግ አድርገው ጨርቁን ማሽን ላይ ይፈትሹታል፤ በቃ። ወጣት ፈታሾች ፊልም አይተው አያውቁም። አንዷ ጥቅሉን አገላብጣ "ባትሪ ነው?" ብላኛለች። አትቆጡ፤ የተወለደችው ከስልክ ካሜራ በኋላ ነው።

አክስቴ አሁን ከእኔ በልጣለች። ባለፈው ከኤርፖርት ደውላ "አንድ በአንድ ጠረጉልህ፣ አስራ አምስቱንም ቆጥሬ ተቀበልኩ" አለችኝ።

በእርሳስ የተለበጠ ከረጢት መግዛት

ማሽኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ፈታሹ ይጠረጥራል፣ አስወጥቶ ይበረብራል ወይም እንደገና በማሽኑ ያሳልፈዋል። ገንዘባችሁን ለፊልም አውሉት።

ፊልም ካሜራ ውስጥ ትቶ መሄድ

"ካሜራውን ክፈተው" የሚባልበት ቀን ይመጣል። አንድ ጓደኛዬ 31ኛው ፎቶ ላይ ነበር። ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ፈታሹ ካሜራውን ከፈተው። ብርሃን ገብቶ ፊልሙ ተቃጠለ። ጨርሱት፣ ጠቅልሉት፣ አውጡት።

ባትሪን መጫን

ትርፍ ሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ ክልክል ነው፤ ከእናንተ ጋር ካቢን ይገባል። እስከ 100 ዋት-አወር (ባትሪው የሚይዘው ኃይል) ድረስ ፈቃድ አያስፈልግም። ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን ማስፈቀድ አለባችሁ፣ ያውም ከሁለት አይበልጥም። ከዚያ በላይ አይገባም። ቁጥሩ ካልተጻፈበት ቮልቱን በአምፒር-አወሩ አባዙት። 20,000 ሚሊአምፒር-አወር (20 አምፒር-አወር) የሚለው ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት 74 ይመጣል፤ ያልፋል። ለቪዲዮ ካሜራ የሚሆኑት ትላልቆቹ ባትሪዎች ናቸው ጣጣ የሚያመጡት። ጫፎቻቸውን በፕላስተር ሸፍኑ።

ኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ሁለት ካሜራና ሦስት ሌንስ ያንን በቀላሉ ይጨርሰዋል፤ ቤታችሁ መዝኑት። ትራይፖዱን ጫኑት። በሩ ላይ "ቦታ ሞልቷል፣ ሻንጣው ይጫን" ካሏችሁ መጀመሪያ ፊልሙንና ባትሪውን ከውስጡ አውጡ። የካሜራ ቦርሳ ኪስ ውስጥ የተረሳች ሰንጢ ካለችም ቀድማችሁ ፈልጓት። አቧራ የሚነፋ ቆርቆሮ በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም፤ በእጅ የሚጨመቀው ጎማ ይበቃል። ሚሞሪ ካርድን በተመለከተ አትጨነቁ፣ ኤክስሬይ አይነካውም።

ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ይዛችሁ የምትመጡ ዲያስፖራዎች ግን፣ እባካችሁ! "ትንሽ ናት፣ ለቤተሰብ ሰርግ ነው" አይሠራም። ቀድሞ ያልተፈቀደ ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ይቀራል። ከተያዘባችሁም ደረሰኙን ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትንቀሳቀሱ።