ለጓሳ መንገድ የሚሆን የካሜራ ጋሪ እንዴት ይሠራል?

መንዝ ጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ሊያነሳ የሄደ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ትልቁ ሌንስ፣ ትሪፖዱ፣ ባትሪውና ውኃው ሲደመር 25 ኪሎ ቢሞላ አይገርምም። ጥቂት እንደተራመዳችሁ ትንፋሽ ያጥራል። ጭላዳው ደግሞ ቆሞ አይጠብቃችሁም።

የመጀመሪያ ጋሪዬን በሻንጣ ጎማ ሠራሁት። ሳሩ መሃል ገብቶ ተቀረቀረ። ጋሪውንም ዕቃውንም ተሸክሜ ተመለስኩ! ከዚያ ወዲህ ገንዘቤን ጎማ ላይ ነው የማወጣው፤ ሳጥኑ የፈለገውን ይሁን።

ከአሮጌ የልጆች ብስክሌት ሁለት ባለ 20 ኢንች ጎማ ፈልጉ። ሁለቱም የፊት ጎማ ይሁኑ። የኋላው ጥርስ ስላለበት ልኩ አይገጥምም።

ቀጥሎ ፍሬሙ። 25 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ግዙ። 80 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት፣ 60 የሆኑ ሁለት አስቆርጡ። አራቱን ጎን ለጎን ደርድሩና ሁለቱን አጫጭር ከፊትና ከኋላ አግድሟቸው። መሃለኞቹ ሁለቱ ከውጭ ወደ ውጭ ሲለኩ 35 ይሁኑ። በእነሱና በዳርኞቹ መካከል በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ጎማው የሚገባው እዚያ ነው።

ለምን ይህን ያህል ድካም? የብስክሌት ጎማ ዘንግ ሁለቱም ጫፉ ተይዞ እንዲሸከም ነው የተሠራው። በአንድ ወገን ብቻ ካሰራችሁት ድንጋይ ሲመታው ይጎብጣል።

ዘንጉን የሚይዙ አራት ወፍራም ላሜራዎች ከቱቦላሬው ሥር ይበየዱ። የላሜራው ቀዳዳ ወደ ታች ክፍት ይሁን፤ ጎማው ሲተነፍስ ዳዶውን አላልታችሁ ታወጡታላችሁ። በያጁ መጀመሪያ ጎማውን አስገብቶ ልኩን በነጥብ ብየዳ ይያዝ፤ ከዚያ አውጥቶ ይበይድ። አለበለዚያ ላስቲኩ ይቃጠላል፣ ወይም ጋሪው እንደ ሰካራም ይሄዳል።

ዘንጉ ከፍሬሙ መሃል 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይቀመጥ። ዕቃውን ጭናችሁ እጀታውን ስታነሱ ሁለት ሊትር ውኃ የያዛችሁ ያህል ከከበደ ልክ ነው። ከበዛ ከባዱን ዕቃ ወደ ኋላ ግፉት። እጀታው ወገብ ድረስ የሚደርስ ቧንቧ ይሁን፤ በአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ጠቅልሉት። በጥቅምት ውርጭ ባዶ ብረት መያዝ ቅጣት ነው።

ሳጥኑን ከኮምፔንሳቶ ሥሩ። ስፋቱ ከ35 አይለፍ፣ ጎማውን ይፈትጋል። ውስጡን በምን እንሸፍነው? የመንዝ ሰው እያላችሁ ስፖንጅ ምን ያደርጋል! ያረጀ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳቸውን፣ ቆርጣችሁ አንጥፉበት። ሳጥኑን በብሎን አትሰሩት፤ በከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍራችሁ እሰሩት፣ ንዝረቱን ይውጠዋል። ጎማውንም አጠንክራችሁ አትንፉት። በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ይሰርጎድ።

ዳገት ላይ ጎትቱት። ቁልቁለት ላይ ግን ጋሪውን አስቀድማችሁ ከኋላ ያዙት፤ ከኋላችሁ ከመጣ ገፍቶ ይጥላችኋል። ስታቆሙትም ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። መንገድ ላይ «ምንድን ነው የምትሸጠው?» የሚላችሁ እረኛ አይጠፋም። እኔን ሁለቴ ጠይቀውኛል።

ማታ ቤት ስትገቡ ሳጥኑን ወዲያው አትክፈቱ። ከብርድ የመጣ ሌንስ ሙቀት ሲያገኝ ጤዛ ይቋጥራል። ቢያንስ ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ይቆይ።