የኮርስ ሳይክል ፔዳልና ጫማ ሳይገጣጠሙ እንዳትገዙ፦ ክሊፕለስ እንዴት ይመረጣል

ጫማውም ቆንጆ ፔዳሉም ቆንጆ ሆኖ ቤት ሲደርሱ አንገጣጠምም የሚሉት ብዙ ጊዜ ሰው ብራንድ አይቶ ስለሚገዛና የጫማውን ሶል ገልብጦ ስለማያይ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይሄን ያዙልኝ፣ ክሊፕለስ ማለት ፔዳሉ ጫማችሁን ከስር ነክሶ የሚይዝበት አሰራር ነው፣ እቃው ሁለት ይመስላል እንጂ ሶስት ነው። ጫማ አለ፣ ፔዳል አለ፣ በመሀል ደግሞ ክሊት የሚባል ከሶሉ ስር በብሎን የሚታሰር ትንሽ ቁራጭ አለ። ፔዳሉ የሚነክሰው ክሊቱን ነው። ክሊቱ ከላይ የጫማው ቀዳዳ ላይ ልክ ማረፍ አለበት ከታች ደግሞ ለዛ ፔዳል የተሰራ መሆን አለበት፣ ከሁለቱ አንዱ ከተሳተ በቃ አይሰራም። ክሊት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከፔዳሉ ጋር ካርቶን ውስጥ ነው፣ ከጫማው ጋር አይመጣም፣ ስለዚህ ጫማ ገዝታችሁ ከስሩ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ብታዩ የጎደለ ነገር የለም።

እሺ፣ መጀመሪያ የት እንደምትነዱ ወስኑ። ከተማ ውስጥ ለስራ የምትመላለሱ ከሆነ፣ መብራት ላይ ቆም፣ ታክሲ ፊታችሁ ሲገባ ቆም፣ ማኪያቶ ለመጠጣት ወረድ የምትሉ ከሆነ መራመድ የሚያስችል ጫማ ነው የሚያስፈልጋችሁ። እንጦጦን ወጥታችሁ ወደ ሱሉልታ ረጅም መንገድ የምትነዱ፣ አንዴ ከወጣችሁ ቶሎ የማትወርዱ ከሆነ ደግሞ እውነተኛው የኮርስ ጫማ ይመቻችኋል። የእኔ ሀሳብ ግልጽ ነው፣ ለጀማሪና ለከተማ ነጂ ባለ 2 ቀዳዳው ይሻላል፣ እሱን ኮርስ ሳይክል ላይ ማሰር ነውር ነው የሚላችሁን አትስሙ፣ እግራችሁን በደህና ማውጣት ከሁሉም ይበልጣል።

አሁን ሶሉን ገልብጡት።

2 ቀዳዳ ጎን ለጎን ካያችሁ የኤስፒዲ አይነት ነው። ሺማኖ የሚባለው የጃፓን የሳይክል እቃ አምራች በ1990 ያወጣው ነው፣ ክሊቱ ትንሽ ብረት ሆኖ አብዛኛው ጫማ ላይ ሶሉ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ እንደልብ ያራምዳል፣ ብዙዎቹ ፔዳሎችም በሁለቱም ጎን ስለሚነክሱ ቁልቁል እያያችሁ አትፈልጉም።

3 ቀዳዳ በሶስት ማዕዘን ከሆነ የኮርስ ነው። ይሄን መንገድ የጀመረው ሉክ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፣ በፊት የበረዶ ስኪ ማሰሪያ ይሰራ የነበረ፣ ያንን እውቀት በ1984 ወደ ሳይክል ፔዳል አመጣውና ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ በ1985 ቱር ደ ፍራንስን በዚሁ ፔዳል አሸነፈ። ክሊቱ ሰፊ ፕላስቲክ ነው፣ ከሶሉ ወጣ ብሎ ይቀመጣል፣ ጉልበታችሁን በሰፊው ስለሚቀበል ረጅም መንገድ ላይ ደስ ይላል፣ ግን ሴራሚክ ወለል ላይ በጣም ያንሸራትታል ስለዚህ ካፌ ስትገቡ ቀስ በሉ።

4 ቀዳዳ ካያችሁ ደግሞ ስፒድፕሌይ ለሚባለው ፔዳል የተሰራ ነው፣ ዛሬ ዋሁ በሚባለው ኩባንያ ስር ያለው። የስፒድፕሌይ ክሊት በመሀል በሚገባ ፕሌት ባለ 3 ቀዳዳ ጫማ ላይም ይታሰራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ግን አልመክረውም፣ መለዋወጫው እንደሌሎቹ በየቦታው አይገኝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነው። ባለ 3 ቀዳዳ ጫማ የሉክን ሁለት አይነቶች የኬኦንም የዴልታንም፣ የሺማኖን የኮርስ አይነት የኤስፒዲ ኤስኤልንም፣ ታይም የሚባለውን ብራንድም ክሊት ይቀበላል፣ ቀዳዳው አንድ ነውና። ፔዳሎቹ ግን እርስ በርስ አይግባቡም። የኬኦ ክሊት ለኬኦ ፔዳል ነው፣ የሺማኖ ለሺማኖ፣ በአይን ሲታዩ በጣም ስለሚመሳሰሉ ሰው ይገባል ብሎ ያስባል፣ እንደምንም ተጨንቆ ቢገባ እንኳ መሀል መንገድ ላይ ሊለቅ ወይ ልቀቅ ሲባል እምቢ ሊል ይችላል፣ መኪና በበዛበት ጎዳና ላይ ይሄ አደጋ ነው። ሉክ ዴልታና ሉክ ኬኦም የአንድ ኩባንያ ስራ ሆነው አይገጥሙም። አሜሪካ ያላችሁና ቤታችሁ ፔሎተን የሚባለው የቤት ውስጥ ስፖርት ሳይክል ያላችሁ ይሄን ልብ በሉ፣ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ፔዳል የዴልታ አይነት ነው፣ ስለዚህ ውጭ የምትነዱበት ሳይክል ኬኦ ወይ ሺማኖ ከሆነ ያው ጫማ ከነክሊቱ ሁለቱንም አያስኬድም፣ ወይ የአንዱን ፔዳል ትቀይራላችሁ ወይ ሁለት ጫማ ትይዛላችሁ። ሌላው ወጥመድ ስም ነው፣ ኤስፒዲና ኤስፒዲ ኤስኤል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ የመጀመሪያው ባለ 2 ቀዳዳ ሁለተኛው ባለ 3፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ኤስኤል ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።

ከውጭ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ "የሳይክል ጫማ ላክልኝ" ብቻ አትበሉት፣ ምስኪን ሱቅ ሄዶ ያገኘውን ያነሳል። የፔዳላችሁን ፎቶ ከነስሙ፣ የምትፈልጉትን የቀዳዳ ቁጥርና የእግራችሁን ርዝመት በሴንቲሜትር ላኩለት፣ በዛውም ትርፍ ክሊት አንድ ጥንድ ጨምር በሉት፣ ምክንያቱም ክሊት የሚያልቅ እቃ ነው፣ አገር ቤት ደግሞ በፈለጋችሁት ሰአት ላታገኙት ትችላላችሁ። ሰልባጅ ጫማ ከሆነ ሶሉ ላይ ያለው የብሎን ጥርስ እንዳልተበላ እዩ፣ ያገለገለ ፔዳል ከሆነ ደግሞ ዘንጉን ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተዉት።

ልክ አለካክ ላይ አትቸኩሉ። ማታ ላይ እግር ትንሽ ስለሚያብጥ ያኔ ለኩ፣ ተረከዛችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ወረቀት ላይ ቁሙና እስከ ረጅሙ ጣት ለኩት፣ ሁለቱንም እግር፣ የሚበልጠውን ያዙ። ከዛ የብራንዱን የሴንቲሜትር ሰንጠረዥ እዩ፣ 42 የሚለው ቁጥር ከብራንድ ብራንድ ይለያያል። ተረከዝ መነሳት የለበትም፣ ጣቶች ግን መንቀሳቀስ አለባቸው። ሰፊ እግር ያላችሁ ቁጥር አትጨምሩ፣ ሰፊ ተብሎ የተሰራውን ሞዴል ፈልጉ፣ ቁጥር ሲጨመር ጫማው ይረዝምና ክሊቱ ያለቦታው ይውላል። ካርቦን ሶል ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም፣ ለጀማሪ ናይለኑ ይበቃል፣ የተረፈውን ብር ጥሩ ልክ ያለው ጫማ ላይ አውሉት።

ቀጥሎ የክሊቱ ቀለም። ቀለሙ ለውበት የተቀባ እንዳይመስላችሁ፣ እግራችሁ ታስሮ እያለ ተረከዛችሁ ስንት ዲግሪ ግራና ቀኝ መንቀሳቀስ እንደሚችል ነው የሚናገረው። ሺማኖ ኤስፒዲ ኤስኤል ላይ ቢጫው 6 ዲግሪ፣ ሰማያዊው 2፣ ቀዩ 0 ነው። ሉክ ኬኦ ላይ ደግሞ ቀዩ 9፣ ግራጫው 4.5፣ ጥቁሩ 0። አያችሁ አይደል፣ ቀይ ሺማኖ ላይ ጭራሽ የማይነቃነቅ ሲሆን ሉክ ላይ በጣም የሚነቃነቀው ነው፣ ስለዚህ ጓደኛችሁ "ቀዩን ግዛ" ቢላችሁ የየትኛውን ብላችሁ ጠይቁ። ለጀማሪ የሺማኖ ቢጫ ወይ የሉክ ግራጫ ጥሩ ነው። ፕሮፌሽናል የሚጠቀመው ነው ብላችሁ 0 ውስጥ አትግቡ፣ የክሊቱ አቀማመጥ ትንሽ ከተዛባ የጉልበታችሁ መገጣጠሚያ ነው የሚከፍለው። ባለ 2 ቀዳዳው ኤስፒዲ ላይ ደግሞ ኤስኤች 56 የሚባለው ክሊት በብዙ አቅጣጫ ስለሚለቅ ለመልመድ ይቀላል፣ ኤስኤች 51 ተረከዝ ወደ ጎን ሲዞር ብቻ ነው የሚለቀው።

ማሰሩ ከባድ አይደለም። ጫማውን አድርጋችሁ ከአውራ ጣታችሁ ስር በውስጥ በኩል ጎላ ብሎ የሚወጣውን አጥንት በጣት ዳሱና ጫማው ላይ ምልክት አድርጉ፣ የፔዳሉ ዘንግ መሀል እዛ ስር ወይ ትንሽ ወደኋላ እንዲውል ክሊቱን አስቀምጡ። የብሎኑን ጥርስ ግራሶ ቀቡት፣ ሁሉንም ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ፣ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር (የማጥበቅ ኃይል መለኪያ ነው) ይበቃዋል። ፔዳሉን ክራንኩ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) ላይ ስታስሩም ጥርሱን ግራሶ ቀቡት፣ የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፣ ፔዳሉ ላይ የተጻፉትን የኤል (ግራ) እና የአር (ቀኝ) ምልክቶች ሳታዩ በጉልበት ካሰራችሁ ክራንኩን ታበላሹታላችሁ።

ጎዳና ከመውጣታችሁ በፊት የፔዳሉን ማጥበቂያ ወደ ዝቅተኛው አላሉት፣ ግድግዳ ይዛችሁ ሳይክሉ ላይ ተቀመጡና አንዱን እግር ማስገባት ማውጣት ተለማመዱ፣ ከዛ ሌላውን። የሚወጣው ተረከዝን ወደ ውጭ በማዞር ነው፣ ወደ ላይ መሳብ በአብዛኛው አይሰራም። እግሩን ማውጣት ያለባችሁ ከመቆማችሁ በፊት ነው፣ መብራቱ ከሩቅ ቀይ ሲሆን አንዱን አውጡ፣ ሁሌም ያንኑ እግር ቢሆን ቶሎ ይለመዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉልበታችሁን በጎን በኩል ካመማችሁ የክሊቱን አቅጣጫ በትንሹ ብቻ አዙራችሁ እንደገና ሞክሩ፣ ህመሙ ካልተወ ግን ችላ አትበሉት፣ የሚያውቅ ሰው ያይላችሁ።

ክሊት ከፊት በኩል ሲሳሳ ወይ እግራችሁ በራሱ ጊዜ መውጣት ሲጀምር ቀይሩት። አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን ሶሉ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩ፣ አዲሱን እዛው መስመር ላይ ታስሩታላችሁ።