ከፈጣን መንገዱ ወጥታችሁ አዳማ ስትገቡ

መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በሰባተኛው ወር የጓደኛዬን ቪትዝ ይዤ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ መጣሁ። እስከ 120 ይነዳበታል። ባጃጅ የለ፣ እግረኛ የለ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለ። ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁና አዳማ ገባሁ። እየተንፏቀቅኩ የምሄድ ነበር የመሰለኝ። ከፊቴ ያለው ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ቀጥ አለ። ፍሬን ረገጥኩ፤ አልደረሰልኝም። የተሳፋሪዋ ቲማቲም አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። እሷ ጉልበቷን ተጫረች፣ ተመስገን። 40 ላይ ነኝ ብዬ በማልኩ ነበር፤ ቆጣሪው ግን 70 ይላል።

ዓይን ፍጥነት ይለምዳል። ብዙ ደቂቃ በ120 ከነዳችሁ በኋላ 60 የእግር መንገድ ይመስላል።

ስለዚህ ከክፍያው ጣቢያ እንዳለፋችሁ መኪና ማቆም የሚቻልበት ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ውረዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ አምስት ደቂቃ በእግራችሁ ተንቀሳቀሱ። ጎማውንም በዚያው እዩት። ሲሞቅ ንፋሱ ይጨምራልና እንዳታስቀንሱ፤ የሚለካው ጠዋት፣ ሳትነሱ ነው።

ከዚያ የመጀመሪያውን አስር ደቂቃ ስሜታችሁን ሳይሆን ቆጣሪውን እመኑ። በ60 ስትነዱ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። እግራችሁ ፍሬን እስኪነካ ያቺ ሰከንድ አለቀች። ፍሬኑ ከያዘ በኋላም በ30 ከሚያስፈልጋችሁ ርቀት አራት እጥፍ ትፈልጋላችሁ።

ባጃጅ ደግሞ «ወራጅ አለ» ሲባል ይቆማል እንጂ እናንተን አያማክርም። ፍሬቻ አትጠብቁ። የተሳፋሪውን እጅ እዩ፤ ቦርሳ ከሰበሰበ፣ ወደ ኪሱ ከገባ፣ ሊወርድ ነው። ባጃጁ አንድ ምሰሶ ሲያልፍ ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ሦስት ሳትሉ ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል።

ጓደኞች አብረው ካሉ ነገሩ ይከፋል። ከኋላ «ንካው!» የሚል አይጠፋም። እኔ ገቢና ለሚቀመጠው ስልኬን እሰጠዋለሁ፤ ደዋይም መላሽም እሱ ነው። ጫት ቅሞ መሪ ስለሚይዝ ሰው አላወራም፤ አብራችሁት አትግቡ፣ አለቀ።

ማታ ወደ ወለንጪቲ መስመር አስፋልት ላይ ቅጠል ወይም ድንጋይ ካያችሁ ወዲያው ፍጥነት ቀንሱ። ትንሽ አለፍ ብሎ መብራት የሌለው ተሳቢ ተበላሽቶ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩን ሳያነሱ የሚሄዱ ሾፌሮችን ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም።

የእህቴ ልጅ አሁን መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። ከክፍያው በኋላ ስንቆም «አጎቴ፣ ደርሰናል እኮ!» ይለኛል። ውሃውን አቀብለዋለሁ።