ወሎ ላይ ሲያርሱ የሚሠሩ ስህተቶች

ከተማ ኖረው ወሎ ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ማረስ ካሰቡ፣ ዘር ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ይዩ።

የመጀመሪያው ስህተት "የወሎ አየር" ብሎ አንድ ነገር ማሰብ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ሲወርዱ ጃኬት ይወልቃል፤ አዝመራውም ይለወጣል። ስለዚህ "ወሎ ምን ይበቅላል?" አይበሉ። ቀበሌውን ጠቅሰው ይጠይቁ።

በልግን መናቅ ደግሞ ዋናው ነው። ብዙ ሰው ዝናብ ሲባል ክረምቱን ብቻ ያስባል። እንደ ለጋምቦ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ግን ክረምቱ ብርድ፣ በረዶና ውርጭ ስላለው ገብሱ የሚታመነው በበልግ ነው። ቆላውም ቢሆን በልግን ይጠብቃል። ቆቦ አካባቢ እንደ ደጋሊት ያለው የአገሬው ማሽላ ሚያዝያ ላይ ተዘርቶ የሚደርሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። የሚያዝያው ዝናብ ሲቀር ገበሬው አይሟገትም፤ ቶሎ ወደሚደርስ ማሽላ ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል። አዲስ ሰው ግን ያንኑ ዘር ይዞ ሐምሌን ይጠብቃል። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያቆም ማሽላው ገና ፍሬ አልያዘም። ከዚያ "ድርቅ መታኝ" ይላል። እኔ ድርቅ አልለውም፤ የዘር ምርጫ ነው።

አቀንጭራን እንደ ተራ አረም መቁጠርም አለ። ይቺ ጉደኛ ከመሬት ብቅ ከማለቷ በፊት የማሽላውን ሥር ይዛ መጥባት ጀምራለች። አበባዋን አይቶ መንቀል የዘንድሮን ማሽላ አያድንም፤ ዘሯ እንዳይራገፍ ግን ይረዳል። በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ ማሽላ በማሽላ ላይ አይደራርቡ። እንደ ጎቢዬና አብሽር ያሉ የሚቋቋሟት ዝርያዎችም አሉ።

ጃማና ወረኢሉ ችግሩ ግልብጥ ነው፤ ውሃ ይበዛል። ዋልካ መሬት፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል፣ ሥር ይበሰብሳል። ማጠንፈፊያ ቦይ ሳያወጡ ስንዴ መዝራት ገንዘብ መድፋት ነው። ሽምብራና ጓያ ዝናቡ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት ይዘራሉ።

ጎርፍን ጠላት ብቻ አድርጎ ማየትም አይበጅም። የቆቦ ሜዳ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣበታል። ቦዩን ግን ጎረቤት ሳያማክሩ እንዳይነኩ፤ የውሃ ጠብ ክፉ ነው።