የጋራ ደናችሁን በሕግ እንዴት ታስጠብቃላችሁ?

«ሕግ አለ» ማለት ብቻውን ዛፍ አያድንም። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከወጣ ቆይቷል። ዛፉ የሚቆረጠው ግን ከመንደሩ ጀርባ፣ ሌሊት ነው። ስለዚህ ሥራው ከቀበሌ ይጀምራል።

1. ደኑ የማን እንደሆነ አጣሩ

አዋጁ የግል፣ የማህበረሰብ፣ የማህበርና የመንግሥት ደን ብሎ ይለያል። ቦታው የወል መሬት ከሆነ ወረዳው መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ በማህበረሰቡ ስም የይዞታ ደብተር ጠይቁ። የመንግሥት ከሆነ መንገዱ አሳታፊ የደን አስተዳደር ነው፤ ማህበር ታቋቁሙና ጥበቃውንም ጥቅሙንም የሚደነግግ ውል ትፈራረማላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ ሰበካ ጉባኤውን ሳታነጋግሩ አንድ እርምጃ አትራመዱ።

2. ወሰኑን በእግር ዙሩ

ሽማግሌዎችን፣ የቀበሌውን የመሬት ኮሚቴና በተለይ ማሳቸው ከደኑ የሚዋሰን ገበሬዎችን ይዛችሁ ውጡ። እነሱ ያልፈረሙበት ወሰን በየክረምቱ በአንድ ትልም ወደ ውስጥ ይገባል። በቃለ ጉባኤው ላይ «በምሥራቅ ወንዙ፣ በሰሜን የእገሌ ማሳ» ተብሎ ይጻፍ፤ ሁሉም እዚያው ይፈርም።

3. መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ብዙ ደንብ «ደረቅ እንጨት መልቀም ይቻላል» ይላል። ይህች ዓረፍተ ነገር ስንት ዛፍ ጨርሳለች! ብልጡ ማታ ሄዶ የዋንዛውን ቅርፊት ዙሪያውን ይልጠዋል። ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። ከዚያ «ደረቅ ነው» ብሎ በጠራራ ፀሐይ ይጥለዋል። እናንተ «በራሱ የወደቀ ብቻ፤ መጥረቢያና መጋዝ ይዞ መግባት ክልክል ነው» በሉ። ቅርፊት መላጥም እንደ መቁረጥ ይቆጠር።

ሁሉንም መከልከልም አያዋጣም። ማገዶ የሚለቅሙት ሴቶች ስብሰባው ላይ ካልተቀመጡ ደንቡ በሳምንቱ ይፈርሳል። የመልቀሚያ ቀን ቁረጡ፣ ሣር ማጨድና ቀፎ መስቀል ይፈቀድ። መንዝ ጓሳ ላይ የጥንቱ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በተቆረጠለት ቀን ይከፍት ነበር። ጓሳው የሣር መሬት ቢሆንም ዘዴው ለደንም ይሠራል።

ቅጣቱ የሚከፈል ይሁን። ድሃ የማይችለውን ብር ብትጽፉ ማንም አያስከፍለውም፤ ሽማግሌም «ይቅር በሉት» ይላል።

4. አስጸድቁ

ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ፣ ይፈረም፣ ከቀበሌው ወደ ወረዳው ይሂድ። ማህተም የሌለው ደንብ ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙም አይረዳችሁም።

5. የቆረጠ ሲያዝ

ቀኑን፣ ቦታውንና የዛፉን ዓይነት መዝግቡ። ጉቶውን ለኩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ምስክር አስፈርሙ። መደብደብ ወይም ዘግቶ ማሳደር የለም፤ ተከሳሾቹ እናንተ ትሆናላችሁ። ቀላሉን በደንባችሁ ቅጡ። ጥድ ወይም ዝግባ ጥሎ በመኪና የሚጭነውን ግን ለፖሊስ አሳልፉ። የደን ውጤት ለማጓጓዝ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ኬላ ላይም ሊያዝ ይችላል።

6. ወረቀቱን አባዙ

አንድ ቅጂ ቀበሌ፣ አንድ ወረዳ፣ አንድ ኮሚቴው ጋ ይቀመጥ። ሊቀመንበር በተቀየረ ቁጥር ፋይል የመጥፋት ልማድ አለው።